«በቃኝ» ሲባል መስማት፦ ስለ ክብደት፣ ስለ ማዕዳችንና ስለ ኃላፊነታችን

(ደሴ ከተማ ውስጥ ለአንድ ሰፈር የቅሬ (የእድር) አባላት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የቅሬያችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ስለ ክብደትና ስለ ዕለት ምግባችን እንድናገር የጋበዛችሁኝ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን ለዓመታት ስከታተል የኖርኩ የጤና ባለሙያ በመሆኔ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ግብዣው ሲደርሰኝ ደስታም ሥጋትም ተሰማኝ። ደስታዬ፣ ሰው ሲሞት ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት ሲሰበሰብ የኖረው ቅሬያችን ዛሬ ሰው በሕይወት እያለ ስለ ጤናው ለመነጋገር በመሰብሰቡ ነው።

ሥጋቴን ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ወሎ ውስጥ ቆሞ «ምግብ ቀንሱ» ማለት ከባድ ነገር ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል የ1966ቱን ወይም የ1977ቱን ረሃብ በዓይናችሁ ያያችሁ፣ ወገናችሁን የቀበራችሁ፣ ከቀዬአችሁ ተነቅላችሁ ወደዚህ ከተማ የመጣችሁ አላችሁ። ረሃብን ያየ ሰው በሞላ መሶብ ፊት ሲቀመጥ የሚሰማውን እፎይታ፣ ረሃብን ያላየ ሰው ሊነቅፈው አይገባም። እኛ ልጆቻችሁም ያደግነው በዚያው እፎይታ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ከሩቅ የመጣ ዘመድን «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል» ማለት ምርቃት፣ «ምነው ከሳህ?» ማለት ደግሞ የሐዘኔታ ቃል ሆኖ የኖረው። በኋላም ኤች አይ ቪ በየቤቱ በገባባቸው ዓመታት ክሳት ከበሽታው ጋር ተያይዞ ስለ ነበር፣ ሰው ጤነኛ መሆኑን ለጎረቤት ለማሳየት ሲል ብቻ መወፈርን ይመኝ ነበር። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሕዝብ ውፍረትን በበጎ ዓይን ማየቱ የሚያስወቅሰው አይደለም።

ዛሬ ግን ረሃብም ውፍረትም በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር አብረው ይኖራሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ የከሱ፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የወፈሩት ድርሻ በከተማ ከገጠሩ እጅግ ይበልጣል። በዓለም ደረጃም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከስምንት ሰዎች አንዱ ከልክ ባለፈ ውፍረት እንደሚኖር አስታውቋል። ስለዚህ ንግግሬ የሚበላ ላለው ሰው እንደ ሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የሚበላው ያጣ ወገን አሁንም በአካባቢያችን አለ፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው የእኔ ምክር ሳይሆን እንጀራ ነው።

የምለው ነገር አንድ ነው። ክብደትን መጠበቅ የእያንዳንዱ ሰው ኃላፊነት ነው ይባላል፤ እኔም እንዲሁ አምናለሁ። ነገር ግን ይህ ቃል እኛ ዘንድ ሲመጣ አንድን ሰው ነጥሎ «ሆድህን ግታ» ማለት ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። እኛ ብቻችንን አንበላም። ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን፤ አንዱ ይቀዳልናል፣ አንዱ ይጨምርልናል፣ አንዱ ያጎርሰናል። ስለዚህ የእኔ ኃላፊነት ወደ አፌ በምወስደው ብቻ አይለካም፤ በሌላው ሰው ፊት በማቀርበውና ያ ሰው «በቃኝ» ሲለኝ በምሰጠው መልስም ይለካል።

ስለ መልክና ስለ ቁመና አልናገርም፤ እርሱ የየሰው ምርጫ ነው። የሚያሳስበኝ ሆድ አካባቢ የሚጠራቀመው ስብ ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከልብና ከጉበት ሕመም ጋር ያለው ዝምድና ነው። ክብደታችን ከቁመታችን ጋር መመጣጠኑን ለማወቅ ባለሙያዎች በሜትር የተለካውን ቁመት በራሱ ያባዙና ኪሎውን ለውጤቱ ያካፍላሉ። ውጤቱ 25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ክብደት በዝቷል፣ 30 ሲደርስ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው ይባላል። ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሴት 64 ኪሎ ስትደርስ የመጀመሪያውን መስመር፣ 77 ኪሎ ገደማ ስትደርስ ሁለተኛውን ትነካለች። ሒሳቡ የሚያስቸግር ከሆነ ከዚህ የሚቀል መለኪያ አለ፤ በልብስ ሰፊ ሜትር የወገብን ዙሪያ መለካት። የወገባችን ዙሪያ ከቁመታችን ግማሽ ካለፈ፣ ልብሳችን ቢበቃንም ባይበቃንም፣ የደም ስኳራችንንና ግፊታችንን የምንለካበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ብዙ ነገር ወዳስተማሩኝ አንዲት እናት ልውሰዳችሁ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ልጆቻቸውን በዚያው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት ይዟቸው ወደ ክትትል ክፍላችን ሲመጡ ኪሏቸውን አየሁና፣ ወረፋውም ብዙ ነበርና፣ «እማማ፣ የሚበሉትን መቀነስ አለብዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሁለት ኪሎ ጨምረው መጡ። ኮስተር ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወላሂ ልጄ፣ እኔ ምን በላሁና!» አሉኝ። ሁሉም ሰው እንደዚህ ይላል ብዬ በልቤ ናቅኋቸው፤ ፊቴም ላይ ሳይነበብ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ዓመት ያህል አልመጡም። የተመለሱት እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ይዘው ነው።

ያን ዕለት ወንበሬን አስጠግቼ ከእንቅልፋቸው ከሚነሡበት ሰዓት ጀምረው ውሏቸውን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣሉ። ምጣዱን ይጥዳሉ፤ ከጎኑ ጀበናው ይጣዳል። እንጀራው እየበሰለ፣ እንቅልፉም እንዲለቃቸው፣ አንድ ሲኒ ይጠጣሉ፤ ጎረቤት ብቅ ስትል ሌላ፤ እንጀራ ሊወስዱ የመጡት ደንበኞች ሲደርሱ ደግሞ ሌላ። እስከ እኩለ ቀን ሰባት ሲኒ ይሆናል። በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። ምሳቸው የተሰበረች እንጀራ በበርበሬ ናት፤ እራታቸውም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። እውነታቸውን ነበር። ምግብ አይበሉም ነበር፤ በቀን 14 ማንኪያ ስኳር ግን ይጠጡ ነበር።

አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። 14 ማንኪያ 56 ግራም ይሆናል፤ ከ220 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ጉልበት መለኪያ) በላይ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይመክራል። ይህ ሁለተኛው መጠን ለአንድ አዋቂ ሰው 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት ማንኪያ ያህል ነው። እኒህ እናት ገና ፀሐይ ሳይሞቃት ያን መጠን ያልፉት ነበር፤ ያውም ስኳር ያለባቸው ሆነው።

ስኳር ለአያቶቻችን ብርቅ ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከእናንተ መካከል ከፋብሪካው በዕድሜ የሚበልጡ አባቶችና እናቶች አሉ። በገጠራችን ቡናን በጨው የሚጠጡ ሰዎችንም የምታስታውሱ አትጠፉም። ስኳር በየሲኒው ሁለት ማንኪያ የመሆን ልማድ የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ ያልሞላው፣ ከሩቅ ዘመን ያልወረስነው ነገር ነው። ለዚህም ነው መልሰን ልናስተካክለው እንችላለን የምለው።

በተለይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ብዙ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ስኳሩ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት በየሲኒው ተደርጎ ይጠብቃል። እንግዳው ቁጭ ሲል ውሳኔው አልቋል። አቦሉን ጠጥቶ ቶናው ሲመጣ ዳግመኛ ይደረጋል፤ በረካውም እንዲሁ። ማንም ማንንም አላስገደደም፤ ሁሉም ግን ያላሰበውን ያህል ስኳር ጠጥቶ ይነሣል። ከዚያች እናት ጋር የተስማማነው ከቡናው አንዲት ሲኒ እንኳ እንዳይቀንሱ ነው፤ ቡናው ጉልበታቸውም ወዳጅነታቸውም ነውና። የቀነሱት ማንኪያውን ነው፦ መጀመሪያ ከሁለት ወደ አንድ፣ ከሳምንታት በኋላ ወደ ግማሽ፣ በመጨረሻም ባዶውን። በመካከሉ እየተጨነቅሁ ስጠይቃቸው «አብሽር ልጄ፣ ምላሴ ለምዷል» አሉኝ። ቁስሉ በሕክምናና በስኳራቸው መስተካከል ዳነ፤ ኪሏቸውም በአምስት ወር ውስጥ አራት ቀነሰ። እኔ መጀመሪያውኑ ብሰማቸው ኖሮ የግማሽ ዓመቱ ሥቃይ በቀረ ነበር።

ለስላሳ መጠጥም ያው ስኳር ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ 30 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ስኳር አለው፤ ይህም የአንድ ቀኑን መጠን ብቻውን ይጨርሰዋል። ጁስ ቤት የሚሸጠው ስፕሪስም ስኳር እንዳይጨመርበት ካልተነገረ ከዚህ አይሻልም። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጫት የሚቅሙ ወንድሞቼም አንድ ነገር ልብ ቢሉ እወዳለሁ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ምሳ ይዘለላል፤ ምሬቱን ለማስታገስ በለስላሳና በጣፋጭ ሻይ ይታጀባል፤ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ በእኩለ ሌሊት ከባድ እራት ይበላና ወዲያው ይተኛል። «ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላሁም» የሚለው ሰው ቦርጭ ሲያወጣ የሚገርመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የማይታይ ነገር ዘይት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ቤት ልናገር። እኛ ቤት አምስት ነን፤ አምስት ሊትር ዘይት በሃያ ቀን ያልቅ ነበር። ይህን ለዓመታት ሳውቀው እንደ ወጪ እንጂ እንደ ምግብ አስቤው አላውቅም። አንድ ቀን አካፈልነው፤ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሚሊ ሊትር ሆነ። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ይህ ከ400 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው፤ ሁለት ሺህ ገደማ ለሚበቃት ሴት ከዕለቱ ምግብ አንድ አምስተኛው መሆኑ ነው። ባለቤቴ ያን ቀን ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስቱ ማንቆርቆር ተወችና በቡና ሲኒ እየለካች መጨመር ጀመረች። ሽንኩርቱንም እናቷ እንዳስተማሯት አድርጋ መጀመሪያ ያለ ዘይት ታቁላላዋለች፤ ውሃውን እስኪመጥና ቡናማ እስኪሆን ድረስ ጠብ ጠብ እያደረገች በውሃ ታበስለዋለች፤ ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ በርበሬው ሊገባ ሲል ነው። ወጡ ጣዕሙ አልጎደለም፤ እንዲያውም ልጆቹ ለውጡን አላወቁትም። አምስቱ ሊትር አሁን ከአንድ ወር በላይ ይቆየናል። ዘይት በዚህ ዋጋ በሚሸጥበት ዘመን የኪሱም ትርፍ ቀላል አይደለም። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ የደም ሥርን የሚጎዳው ዓይነት ስብ ስለሆነ፣ የሚቻለው ሰው ሌላውን ቢመርጥ፣ የማይቻለው ደግሞ መጠኑን ቢያሳንስ ይሻለዋል።

እንጀራችንን፣ ሽሯችንን፣ ምስራችንንና ጎመናችንን የሚጠላ ምክር ከእኔ አትሰሙም። የጤፍና የማሽላ እንጀራ፣ የገብስ ቆሎና በሶ፣ ክክና ባቄላ ሌላው ዓለም ዛሬ ለጤናው ሲል የሚፈልጋቸው፣ አሰር ያላቸውና ቶሎ የማያስርቡ ምግቦች ናቸው። ችግሩ ያለው እነርሱ ላይ በምንጨምረው፣ በምንጠብሰውና በምንደራርበው ላይ ነው። ጾማችንም እንዲሁ ነው። ክርስቲያን ወገኖቼ ከቅቤና ከሥጋ ሲርቁ «ጾም ነውና ዘይት በዛ ይበልበት» ሲባል፣ ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ በረመዷን ሲያፈጥሩ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ጣፋጭ መጠጥ ተደራርቦ ሲቀርብ፣ ሰው ጾሞ ይወፍራል። ከሆድ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ ይሁን የሚለውን የነቢዩን ትምህርት የማያውቅ የወሎ ሰው ጥቂት ነው፤ በማፍጠሪያ ሰዓት ግን ትንፋሹ ቦታ ያጣል። ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች ጾም ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ሐኪማችሁን እንድታማክሩ አደራ እላለሁ፤ በጾም ሰዓት ስኳር ዝቅ ማለቱ ከፍ ከማለቱ ይበልጥ ፈጥኖ ይጥላልና።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት በቤተሰባችን ሰርግ ነበር። ስኳር ያለባቸው አጎቴ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ተቀመጡ። መጀመሪያ የቀረበውን በልተው እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዷ አክስታችን የወጡን ድስት ይዛ መጣች። «በቃኝ» አሏት። «አፈር ስሆን!» ብላ ጨመረች። በሉ። ሌላዋ እንጀራ ይዛ መጣች፤ «በቃኝ» አሉ፤ «እኔ ልሙት» አለች፤ ዘረጋችላቸው። ሦስተኛው ሙሽራው ራሱ ነበር፤ ሙሽራን እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም። እየቆጠርኩ ነበር፤ አጎቴ አራት ጊዜ «በቃኝ» ብለዋል። በማግስቱ ጠዋት ሳይበሉ የለካሁት ስኳራቸው 280፣ ከሚገባው እጅግ ከፍ ያለ፣ ነበር። አዝኜ ቤተሰቡን ልወቅስ ስነሣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አራተኛውን «በቃኝ» የተናገሩት ለእኔ ነበር። የመጨረሻውን ትልቁን ጉርሻ ያጎረስኳቸው እኔ፣ የስኳር ሕሙማንን የምከታተለው ሰው፣ ነበርኩ።

ለምን አደረግሁት? ከፍቅር ነው። አለማጉረስ የሚያስቀይም ስለ መሰለኝ ነው። ሁላችሁም ይህን ታውቁታላችሁ። «በሞቴ» ማለት በእኛ ዘንድ ምግብን የማቅረብ ሳይሆን ራስን የማቅረብ ቃል ነው፤ እኔም እንዲጠፋ አልፈልግም። ነገር ግን የዚህ ቃል ኃይል እጅግ ብርቱ በመሆኑ አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጠገበን ሰው «በሞቴ» ማለት በቃሉ ላይ ቃል መጨመር ነው፤ ሰውየው ስለ ራሱ ሰውነት የተናገረውን እኛ አልሰማንም ማለት ነው። ከጋራ ትሪ ሲበላ ደግሞ የራሱ ድርሻ የት እንደሚያልቅ አያውቅም፤ እንጀራው ሳያልቅ ይዘረጋለታል፤ ሆድ መሙላቱን ለአንጎል የሚያስታውቀው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። በዚህ መካከል ብቸኛው ማቆሚያ ያ «በቃኝ» የሚለው ቃል ነው፤ እርሱን ከነጠቅነው ሰውየውን ስለ ቦርጩ የምንወቅስበት አፍ የለንም።

ስለዚህ ለቅሬያችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በሰርግም፣ በሐዘንም፣ በሰደቃም፣ በዝክርም ቢሆን አንድ ጊዜ እንጋብዝ፣ ሁለት ጊዜም እንለምን፤ ሰውየው ሁለቴ «በቃኝ» ካለ ግን እጃችንን እንሰብስብ። እንግዳው ካልበላ የምናከብርበት ሌላ መንገድ አያልቅብንም፤ ውሃ መስጠት፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጫወት፣ በር ድረስ መሸኘት አለ። ሴቶቻችን ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙት በማቅረብ ላይ ነውና ይህን ሸክም ለእነርሱ ብቻ አልተውም፤ ወንዶች ትሪ ላይ የምንቀመጥ ሁሉ አጠገባችን ያለውን ሰው ቃል የመጠበቅ ግዴታ አለብን።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ታዲያ የሰውየው ጥንካሬ የት ገባ?» ሊለኝ ይችላል። ጥንካሬ ያስፈልጋል፤ ግን ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ ሳናውቅ ስለ ጥንካሬ መፍረድ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ይህን ሆርሞን የሚያመነጨው የስብ ክምችታችን ራሱ ነው፤ ለአንጎልም ስንቁ በቂ መሆኑን ይናገራል። ሰው ሲከሳ ስቡ ይቀንሳል፣ መልእክቱም ይቀንሳል፣ አንጎልም ረሃብ እንደ ገባ ቆጥሮ የመብላት ፍላጎትን ያበረታዋል። በዘር የምንወርሰውም ድርሻ ትንሽ አይደለም። የከሳ ሰው መልሶ ሲወፍር «ሆዳም ነው» የምንለው ብዙ ጊዜ ከራሱ ሰውነት ጋር የሚታገልን ሰው ነው። ይህን ማወቅ ኃላፊነትን አያስቀርም፤ ወቀሳን ግን ያስቀራል። የወቀስነው ሰው፣ እንደዚያች እናት፣ ወደ ሕክምና መምጣቱን ይተዋል እንጂ አይከሳም።

ደግሞም የሚፈለገው ለውጥ ሰው እንደሚፈራው ትልቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ 3234 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ክፍል ክብደቱን በ7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። በዚህ ክፍል በስኳር የሚያዘው ሰው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት በወሰዱት ዘንድ የቀነሰው ግን በ31 በመቶ ነበር። ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። የሠርግ ልብስ እስኪበቃ መክሳት አይጠበቅበትም። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ለተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለት ለማያልቅባት ከተማ ሰው ደግሞ ጉልበቱም ይጠቀማል፤ ከሰውነት ላይ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ከሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይነሣለታልና።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ አልናገርም፤ ዳገቱ እዚሁ አለልን። ቀድሞ በእግራችን የምንሄደውን ዛሬ በባጃጅ እንሄዳለን፤ ጉልበቱ የፈቀደለት ሰው ከመድረሻው ቀድሞ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ቢጨርስ ያ 150 ደቂቃ ሳይታወቀው ይሞላል። ብቻ በእንቅስቃሴ ብቻ እከሳለሁ ብሎ የሚያስብ እንዳይሳሳት፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የሰጠውን ጉልበት ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ያስፈልጋል፤ መጠጡ ግን በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ልጆቻችን ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ልጅ ሲወለድ መቼ እንደጠገበ ያውቃል፤ ጡቱን ይተዋል፣ ፊቱን ያዞራል። ያን ዕውቀት የምናጠፋበት እኛው ነን፤ «ጨርስ፣ ሳህኑ ላይ አታስቀር» እያልን፣ ሲያለቅስ ብስኩት፣ ፈተና ሲያልፍ ለስላሳ እየሰጠን። ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃም በእናቱ እጅ የተሠራውን ፍርፍር ትተን በፓኬት የታሸገውን የምንመርጠው ክብር እየመሰለን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ ያወጡት አንድ ጥናት ሃያ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እንደ ፍላጎታቸው እንዲበሉ አደረገ። በተቀነባበረው ሳምንታት በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ አልተራቡም፣ ማንም አላስገደዳቸውም። አዋቂው እንዲህ ከሆነ ልጁን በብስኩቱ ፊት ብቻውን አቁሞ ኃላፊነት መጠየቅ አይቻልም። በዚህ ረገድ መንግሥትም ድርሻ አለው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ መጣሉ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቤት ውስጥ የሚገዛውን የሚወስነው ግን ዘንቢሉን የያዘው ሰው ነው።

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትርና የደም ግፊት መለኪያ ተዘጋጅቷል፤ ቁመታችሁን ግድግዳው ላይ በተሠመረው መስመር መለካት ትችላላችሁ፤ ጥያቄ ያለው ሰው ለብቻው ሊያነጋግረኝ ቢፈልግም እስከ ማታ እዚሁ ነኝ። ቡናውም ደርሷል። ቡናውን ያፈሉልን እናቶች ዛሬ ሲኒዎቹን ባዶ አድርገው ነው የሚቀዱት፤ ስኳሩ ለብቻው በሳህን ቀርቧል፤ የፈለገ ሰው በፈለገው መጠን ራሱ ይጨምራል።